ጨው የሚበላው መኪና፦ ለአሮጌ መኪና የትኛው የዝገት መከላከያ ይሻላል?

የመጀመሪያ መኪናዬ የ2003 ኮሮላ ነበረች። ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ውስጥ አምስት የበረዶ ወቅት ነድቻታለሁ። አንድ የማርች ጠዋት ጎማ ተነፈሰብኝ። ክሪኩን አወጣሁ፣ ከበሩ ሥር ማንሻ ቦታው ላይ ደገፍኩት፣ ማዞር ጀመርኩ። መኪናዋ አልተነሳችም። የሄደው ክሪኩ ነው። ደረቅ ቂጣ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ክሪኩ ላሜራውን በስቶ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል።

በጣም ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ከሥሯ «የዝገት መከላከያ» ብዬ ከፍዬ አስቀብቻት ነበር። ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ አስፋልት ያለ ቅብ። ከሥር ለሚያያት አዲስ ትመስል ነበር። ያን ቀን የቅቡን ጠርዝ በጥፍሬ ያዝ አድርጌ ሳብኩት። እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተገሽልጦ መጣ። ጀርባው ላይ እርጥብ፣ ቡናማ፣ ቅርፊት ቅርፊት የሆነ ዝገት ተለጥፏል። ቅቡ ዝገቱን አላቆመውም፤ ሸፍኖታል። ይባስ ብሎ ጨዋማውን ውሃ ይዞ አቆይቶለታል።

የዚያች መኪና ሞተር ምንም አልሆነም ነበር። ካምቢዮዋም ደህና ነበር። ግን የሚበይዳት ጠፋ። ብየዳ የሚይዝ ጤነኛ ብረት አልተረፋትማ! በቁራጭ ብረት ዋጋ ሸጥኳት።

አሁን የምነዳው የ2007 ካምሪ ነው። ሰባት የበረዶ ወቅት አብረን አሳልፈናል። ይህን የምጽፈው እንደኔ አሮጌ መኪና ለሚነዱ፣ አዲስ ለመግዛት ለማይችሉ ወይም ለማይፈልጉ ነው። ገበያ ላይ ያሉትን መከላከያዎች አንድ በአንድ እናያለን። የትኛው ለማን እንደሚሆንም የማምነውን እነግራችኋለሁ።

አገር ቤት ያልነበረ ችግር

አዲስ አበባ ላይ ከአባቶቻችን ዘመን የቀሩ ቮልሶች ዛሬም ይሄዳሉ። ቀለማቸው ደብዝዞ፣ ፓራፋንጎአቸው በስቱኮ ተሞልቶ ይሆናል፤ ሻንሲያቸው ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። እዚያ መኪና የሚያረጀው በሞተሩና በመንገዱ ጉድጓድ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን እዚህ መጥተን መኪና ስንገዛ ኮፈኑን ከፍተን ሞተሩን እናዳምጣለን፣ ዘይቱን እናያለን፣ «ሞተሩ አንደኛ ነው» ብለን እንገዛለን። ከሥር ማየት ልማዳችን አይደለም። በበረዶ አገር ግን መኪናን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ከሥር ያለው ነው።

ብረት እንዲዝግ ውሃና ኦክሲጅን ይበቃዋል። ውሃው ውስጥ ጨው ሲገባ ኤሌክትሪክ በደንብ ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ያኔ ዝገቱ ይፈጥናል። መንገድ ላይ የሚበተነው በአብዛኛው ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ያው ጨው ነው፣ ሶዲየም ክሎራይድ። እሱ ቅዝቃዜው ወደ 15 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 9 ሴልሺየስ ገደማ ሲወርድ ጉልበቱ ይደክማል። ስለዚህ ማግኒዥየም ክሎራይድ ወይም ካልሲየም ክሎራይድ ይታከልበታል። ብዙ ጊዜም በረዶው ከመጣሉ በፊት በውሃ ተበጥብጦ ይረጫል። አስፋልት ላይ ቀጥ ቀጥ ያሉ ነጭ መስመሮች ካያችሁ እሱ ነው።

እነዚህ ሁለቱ ጨዎች አንድ ክፉ ጠባይ አላቸው። ከአየር ላይ እርጥበት ይስባሉ። አገር ቤት በሐምሌ ጨው ዕቃው ውስጥ እንደሚወዛው ማለት ነው። መኪናችሁ የደረቀ ይመስላችኋል፤ በብረቱ መጋጠሚያ ውስጥ ግን ጨው ወዝቶ ተቀምጧል።

አንድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳትበት ነገር አለ። በጣም የሚቀዘቅዘው ቦታ በጣም የሚያዝገው ቦታ አይደለም። የካናዳዋ አልበርታ ከተሞች ኤድመንተንና ካልጋሪ ከቶሮንቶ ይበልጥ ይቀዘቅዛሉ። ግን በዚያ ብርድ ጨው ብዙ ስለማይሠራ አሸዋና ጠጠር በብዛት ይበተናል፤ አየሩም ደረቅ ነው። እዚያ መኪና የሚያጣው የፊት መስታወቱን ነው፣ በጠጠር። ቶሮንቶ፣ ኮሎምበስ፣ ሚኒያፖሊስ፣ በረዶው እየቀለጠ ተመልሶ የሚረጋበት ቦታ ሁሉ ግን የጨው አገር ነው። ስለዚህ ከአልበርታ ያለ ወዳጃችሁ «እኔ ምንም አስቀብቼ አላውቅም፣ መኪናዬ ሰላም ነው» ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ ለእናንተ ግን አይሠራም።

ጥቁሩ ደረቅ ቅብ

ኮሮላዬን የበላት ይህ ነው። ላስቲክነት ወይም አስፋልትነት ያለው፣ ሲረጭ ፈሳሽ ሆኖ በኋላ የሚደርቅ ነው። አንዴ ይቀባል፣ «ለመኪናው ዕድሜ ልክ» ተብሎ ይሸጣል፣ ዋጋውም ብዙ መቶ ዶላር ሊደርስ ይችላል።

ለፍትሕ ያህል፣ ከፋብሪካ የወጣች፣ አንድ ቀን እንኳ ጨው ያልነካት መኪና ላይ ከተቀባ ይሠራል። ጠጠርን ይከላከላል፣ የመንገድ ድምፅም ይቀንሳል። ችግሩ ሲያረጅ ነው። ብረት በሙቀትና በብርድ ይሰፋል፣ ይጠባል። ደረቁ ቅብ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ጨዋማ ውሃ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። አሮጌ መኪና ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝገቱ ሳይጸዳ ነው ከላይ የሚቀባው። ያኔ ቁስል ሳያጥቡ ፋሻ መጠቅለል ይሆናል።

ከአምስት ዓመት በላይ የሆነች መኪና ካለቻችሁ ይህን አታስቀቡ። ያገለገለ መኪና ስትገዙም ከሥሩ አዲስ ጥቁር ቅብ ካያችሁ ተጠንቀቁ። አንድ ሻጭ መኪናውን ሊሸጥ ሲል ለምን ከሥር ያሳምረዋል? ጠይቁት።

በየዓመቱ የሚረጭ ዘይት

በካናዳ ይህ ልማድ ሆኗል። ክራውንና ራስት ቼክ የሚባሉት ስሞች እዚያ የታወቁ ናቸው፤ ክራውን አሜሪካም ውስጥ በተለይ በበረዶ ግዛቶች ይገኛል። ቀጭን ዘይት ነው። ከሥር ብቻ አይረጭም፤ በበሮቹ ውስጥ፣ በደፉ (ከበሮቹ ሥር ባለው ባዶ ብረት) ውስጥ፣ በኮፈኑ እጥፋት፣ በኋላ በር ውስጥ ይገባል። ለዚህም አንዳንድ ቦታ ትንሽ ቀዳዳ ይበሱና በፕላስቲክ ይደፍኑታል።

ጥቅሙ አለመድረቁ ነው። ዘይቱ ይሳባል። ላሜራ ከላሜራ በተጋጠመበት፣ ብሩሽ በማይደርስበት ቦታ ራሱ እየሰረገ ይገባል። ዝገት ካለም ውስጡ ገብቶ ውሃውን ያስወጣዋል፣ አየርም ያግደዋል። የዛገውን ብረት አዲስ አያደርገውም፤ አካሄዱን ግን በጣም ያዘገየዋል። ለአሮጌ መኪና የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ጉዳቱ ደግሞ ይንጠባጠባል። አንድ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። የኪራይ ቤት ፓርኪንግ ውስጥ የምታቆሙ ከሆነ ካርቶን አንጥፉ፤ አለዚያ የሕንፃው አስተዳዳሪ ጋር መጣላታችሁ ነው። ይሸታልም። ከሁሉ በላይ በየዓመቱ መታደስ አለበት፣ ምክንያቱም የጎማው ውሃ ቀስ በቀስ ያጥበዋል። እኔ አካባቢ ለአንድ ጊዜ ከ150 እስከ 250 ዶላር ገደማ ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ሰው «በየዓመቱ?» ብሎ ይደነግጣል። የሞተር ዘይትስ በየጊዜው እንቀይር የለ?

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መበሳቱን የማትፈልጉ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ፋብሪካው የተዋቸው ቀዳዳዎች ብዙ መኪኖች ላይ ይበቃሉ። የተበሳ ቀዳዳ ጠርዙ ዘይት ካልነካው እሱ ራሱ የዝገት መነሻ ይሆናል።

የበግ ስብ

ብዙ ሰው ሲሰማ ይገርመዋል። ላኖሊን የሚባል፣ ከበግ ፀጉር የሚወጣ ስብ አለ። በጉ ዝናብ እንዳያበሰብሰው ፀጉሩን የሚያወዛው እሱ ነው። ፍሉይድ ፊልም የሚባለው ከዚህ የሚሠራ ሲሆን መጀመሪያ የተዘጋጀው በ1943 ለአሜሪካ የባህር ኃይል መርከቦች ነው። ዉልዋክስ የሚባለው ደግሞ እሱን የሚመስል፣ ጠንከርና ወፈር ያለ ነው።

እኔ የምጠቀመው ይህን ነው። ከዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ጎማ የሚረጨው ውሃ ቶሎ አያጥበውም። ብዙም አይንጠባጠብም። ጣታችሁን ብታስኬዱበት እንደ ቅቤ ይታሻል። ሽታውን በዓል ሲቃረብ ግቢ ውስጥ በግ ታስሮበት ያደገ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። አንድ ሳምንት ገደማ ይቆይና ይጠፋል።

ከዘይቱ የሚያንስበት ነገር አለ። ወፍራም ስለሆነ ጠባብ መጋጠሚያ ውስጥ እንደ ዘይቱ ፈጥኖ አይሰርግም። በተለይ ብርድ ላይ። ስለዚህ የምረጨው ቀኑ ሞቅ ሲል ነው፤ ጣሳውንም ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆየዋለሁ። ሌላው፣ ዘይት የማይችል ላስቲክን ሊያሳብጥ ስለሚችል የበር ላስቲክና የመኪናዋ እግር (ሱስፔንሽን) ላስቲኮች ላይ አታብዙት። በነዳጅ ዘይት የተሠሩትም ላይ ጥንቃቄው ያው ነው።

ሰም

በአውሮፓ ይበልጥ የሚሠራበት ይህ ነው። ኖክሱዶልና ዲኒትሮል የሚባሉት ከስዊድን የተነሱ ስሞች ናቸው። ሰሙ ሲረጭ ፈሳሽ ነው፤ በኋላ እንደ ሻማ ቅሪት ያለ ለስላሳ ሽፋን ይሆናል። በደንብ ከተሠራ ከዘይት ይልቅ ብዙ ይቆያል፣ ጥቂት ዓመታት። ስቶክሆልም ወይም ኦስሎ የምትኖሩ ይህን ሥራ ጠንቅቀው የሚያውቁ ቤቶች በቀላሉ ታገኛላችሁ።

ግን ሰም ንጹሕና ደረቅ ብረት ይፈልጋል። ሥራው መታጠብ፣ መድረቅ፣ ዝገቱን መፋቅ፣ ከዚያ መርጨት ነው። ባለሙያው አድካሚውን ዝግጅት ካልዘለለ ግሩም ነው። ከዘለለ የጥቁሩ ቅብ ታሪክ ይደገማል። መኪናችሁን ገና አሥር ዓመት ልትይዟት ካሰባችሁና ብረቷ ገና ጤነኛ ከሆነ ሰም ገንዘቡ ይገባዋል። 18 ዓመት ለሞላት መኪና ግን አልመርጠውም።

የኤሌክትሪኩ ሳጥን

አጠር ላድርገው። ባትሪው ላይ የሚታሰር፣ «ኤሌክትሪክ እየላከ ዝገትን ያቆማል» ተብሎ ብዙ መቶ ዶላር የሚሸጥ ትንሽ ሳጥን አለ። አትግዙት። ዘዴው ራሱ ውሸት አይደለም፤ መርከብና መሬት ውስጥ የተቀበረ የብረት ቧንቧ በዚህ ይጠበቃሉ። እነሱ ግን ሁልጊዜ ባህር ወይም እርጥብ አፈር ውስጥ ናቸው፤ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት መንገድ አለው። መኪና አየር ላይ ናት፤ ያ መንገድ የላትም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በ1990ዎቹ አጋማሽ እንዲህ ዓይነት መሣሪያ በሚሸጥ ኩባንያ ላይ እርምጃ ወስዷል። መኪና ስትገዙ የፋይናንስ ክፍሉ ውስጥ ወረቀት ላይ ጨምረውላችሁ ብታገኙት «አውጡልኝ» በሉ።

ራስ መሥራት ወይስ ማሠራት?

እውነት ለመናገር ከየትኛው ፈሳሽ ይልቅ የት እንደተረጨ ይበልጣል። አንዱ ጋራዥ በደንብ የሚታየውን ቦታ ረጭቶ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ይለቃችኋል። ሌላው በሮቹን ከፍቶ፣ የፕላስቲክ ሽፋኖቹን ፈትቶ፣ በረጅም ቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ እየላከ ሁለት ሰዓት ይሠራል። ዋጋቸው ሊቀራረብ ይችላል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «በደፉ ውስጥ ትረጫላችሁ? በሮቹ ውስጥስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ካወላወለ ሂዱ።

እኔ ራሴ ነው የምሠራው። መስቀል ሲያልፍ፣ ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ባለው፣ ዝናብ የሌለበት ቅዳሜ እመርጣለሁ። ከሁለት ቀን በፊት ከሥር በደንብ ያጥብልኛል የምለው ማጠቢያ ቤት ወስጄ አሳጥባታለሁ፣ እስክትደርቅ እጠብቃለሁ። ለሴዳን መኪና አምስት ስድስት ጣሳ ይበቃል፤ አንዱ ከ10 እስከ 15 ዶላር ነው። መነጽር፣ ጓንት፣ አሮጌ ልብስ፣ ሁለት የብረት መወጣጫ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር በፍጹም፣ በፍጹም አትግቡ።

የምጀምረው ከበሮቹ ነው። በእያንዳንዱ በር ታችኛው ጠርዝ ላይ ትንንሽ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች አሉ። በመስታወቱ በኩል የሚገባው ውሃ በነሱ ነው የሚወጣው። በአቧራና በቅጠል ይደፈናሉ። ዘንድሮ የኋላ ግራውን በቀጭን ካቻቢቴ ስከፍተው አንድ የቡና ሲኒ የሚሞላ ጭቃማ ውሃ ፈሰሰ። ያ ውሃ ሙሉ ሰመር እዚያ ተቀምጦ ነበር። ቀዳዳውን ከፍቼ፣ ቱቦውን አስገብቼ፣ በሌላኛው ጫፍ ጤዛ መስሎ እስኪወጣ ረጨሁ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን ብቻ አድርጉ። ምንም አያስከፍልም።

ከዚያ የደፉን የፕላስቲክ ክዳኖች ነቅዬ ውስጡን እረጫለሁ። የኋላ ፓራፋንጎ ጠርዝ ወደ ውስጥ በታጠፈበት በጣቴ ጭቃውን ጠርጌ እረጫለሁ፤ ብዙ መኪኖች መጀመሪያ የሚበሱት እዚህ ነው። ከዚያ የፍሬን ቱቦዎች፣ የነዳጅ ታንኩን የያዙ ማሰሪያዎች፣ ስፕሪንጎቹ የሚቀመጡባቸው ሰሃኖች፣ የኋላ እግሮቹን የተሸከመው ብረት። የፍሬን ዲስክ፣ ማርሚታ፣ የሞተር ቺንጋ አይነካም። ፍሬን ላይ ዘይት ማለት አደጋ ማለት ነው፤ ዲስኮቹን በላስቲክ ሸፍኑ።

የመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሁለት ሰዓት ነው። ወገባችሁ የማይፈቅድ ከሆነ ወይም የምትሠሩበት ቦታ ከሌላችሁ ማሠራት ምንም ነውር የለውም።

ሙቅ ጋራዥ ወይስ ደጅ?

ይህ ብዙ ሰው ያስገርማል። ከመንገድ ጨው ይዛ የመጣችን መኪና የሚሞቅ ጋራዥ ውስጥ ማስገባት ለዝገት ጥሩ አይደለም። ደጅ ብትቆም በረዶው ይደርቅባታል፣ የዝገቱም ሥራ በብርዱ ይዘገያል። ሙቅ ቦታ ስትገባ ግን ያ ሁሉ ይቀልጣል፣ ጨዋማው ውሃ በየስንጥቁ ይገባል፣ ሙቀቱም ሥራውን ያፋጥነዋል። በየማታው እንደዚህ።

ጋራዥ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ማለዳ በረዶ ከመፋቅና ባትሪ ከመሞት ያድናል። ግን ሳታሞቁት ይሻላል። ማሞቅ ካለባችሁ ደግሞ መኪናዋ የተረጨች፣ በየሳምንቱም የምትታጠብ ትሁን።

ስለ ማጠብ ካነሳን፣ በበረዶ ወቅት ከሥር የሚረጭ ማጠቢያ ምረጡ። ሙቀቱ ከ32 ፋራናይት በላይ የሆነበትን ቀን ጠብቁ፤ አለዚያ በሮቹ ረግተው አይከፈቱም። ማጠብ ብቻውን መከላከያ ይሆናል? ለሊዝ መኪና፣ ሦስት ዓመት ለሚነዳት ሰው፣ አዎ ይበቃል። ለእኛ ለአሮጌዎቹ ባለቤቶች ግን አይበቃም፤ ውሃው ወደ ደፉ ውስጥ አይገባማ። ከሁሉ ዋናው እጥበት የመጨረሻው ነው። ፋሲካ አካባቢ፣ የኤፕሪል ዝናብ መንገዱን ካጠበው በኋላ፣ ከሥር በደንብ አሳጥቡ። ጨው ይዛ ሙቀት ውስጥ የምትገባ መኪና ሙሉ ሰመር ትዝጋለች።

ዝገት ከጀመረ በኋላ

ሁሉም ዝገት እኩል አይደለም። የማርሚታ ላይ ቡናማ ዝገት፣ የብሎን ጭንቅላት ላይ ያለ ዝገት እንቅልፍ አይንሳችሁ። በር ጠርዝ ላይ ያበጠ ቀለምም መልክ ነው የሚያበላሸው፤ ፍቃችሁ፣ ዝገትን ወደ ጥቁር የሚቀይረውን ፈሳሽ ቀብታችሁ፣ ቀለም አልብሳችሁ መቆየት ትችላላችሁ።

ሦስት ቦታዎች ግን ቀልድ አያውቁም፦ ሻንሲው ወይም እግሮቹ የሚታሰሩበት ብረት፣ የነዳጅ ቱቦና የፍሬን ቱቦ። በ2015 የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከ1999 እስከ 2003 በተሠሩ ወደ አምስት ሚሊዮን የጄኔራል ሞተርስ ፒካፖችና ትልልቅ መኪኖች ላይ ስለ ፍሬን ቱቦ ዝገት ያደረገውን ምርመራ ሪኮል (መኪኖቹ ወደ ኩባንያው ተጠርተው እንዲጠገኑ) ሳያዝ ዘጋው። ይልቁንም የጨው ግዛት ነዋሪዎች የመኪናቸውን ሥር እንዲያጥቡና ቱቦዎቹን እንዲያስፈትሹ መከረ። ስለዚህ ኃላፊነቱ የእኛ ነው። የፍሬን ቱቦ ካስቀየራችሁ መካኒኩን የመዳብና የኒኬል ቅይጥ የሆነውን ቱቦ ጠይቁት። አይዝግም፣ በእጅ ይታጠፋል፣ የዋጋ ልዩነቱም ከሥራው ክፍያ አንጻር ትንሽ ነው።

አገር ቤት ቦሎ ለማውጣት መኪና በየዓመቱ ትመረመራለች። ፔንሲልቬንያና ኒውዮርክም በየዓመቱ የግድ ነው፤ ሻንሲዋ የተበላ መኪና አታልፍም። ሚኒሶታ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። ማንም አይነግራችሁም። ዘይት ስታስቀይሩ፣ መኪናዋ ተሰቅላ እያለች፣ ከሥር ገብታችሁ ለማየት ፈቃድ ጠይቁ። ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶ አንሱ። በዓመቱ አስተያዩት።

የደቡብ መኪና ወይስ የአካባቢ መኪና?

መኪና ልትገዙ ከሆነ ጥያቄው ይህ ነው። ከቴክሳስ፣ ከአሪዞና፣ ከጆርጂያ የመጣች የ2008 መኪና 170,000 ማይል ነድታም ቢሆን፣ እዚሁ 100,000 ብቻ ከነዳችው ልትሻል ትችላለች። ማይል ያደከመው በጋራዥ ይጠገናል፤ የተበላ ሻንሲ ግን አይጠገንም። እኔ ካምሪዋን የገዛሁት አትላንታ ካሉ ዘመዶቼ ነው። አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄጄ እየነዳሁ መጣሁ። የነዳጁም የአውቶቡሱም ወጪ በመጀመሪያው ዓመት ተመልሷል ብዬ አምናለሁ። የቴክሳስና የፍሎሪዳ መኪና ስትገዙ ግን ጎርፍ ውስጥ ገብታ እንዳልነበር አጣሩ፤ የመኪና ታሪክ ሪፖርቱ በየትኛው ግዛት ተመዝግባ እንደነበር ያሳያችኋል።

የምርት ስም ብቻውን አያድንም። ቶዮታ ራሱ በ2016 በሻንሲ ዝገት ምክንያት እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ በሚችል የፍርድ ቤት ስምምነት ተስማምቷል፤ ጉዳዩ ከ2005 እስከ 2010 የተሠሩ ታኮማዎችን፣ የ2007 እና የ2008 ቱንድራዎችን፣ ከ2005 እስከ 2008 የተሠሩ ሴኮያዎችን ይመለከታል። የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ 3 ደግሞ የኋላ ፓራፋንጎው በዝገት በመበላት የታወቀ ነው። ታኮማ ልትገዙ ከሆነ ሻንሲው ተቀይሮላት እንደሆነ በሻንሲ ቁጥሯ ከቶዮታ አከፋፋይ ጠይቁ። የተቀየረላት ካገኛችሁ ጥሩ ግዢ ነው።

ስትፈትሹ ትንሽ መዶሻ ያዙ። ሻንሲውን ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። የተበላው ድምፁ ይታፈናል፣ ቅርፊትም ያራግፋል። ሻጩ መዶሻውን ካልፈቀደ መኪናዋን ተዉለት።

የቀሩት ጥቃቅን ነገሮች

ባትሪ በዜሮ ፋራናይት ከግማሽ በላይ ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል፤ አራት ዓመት ካለፈው ከበረዶው በፊት አስፈትሹት። የራዲያተር ውሃ ግማሽ በግማሽ ከተደባለቀ እስከ 34 ዲግሪ ፋራናይት ከዜሮ በታች ይችላል፤ በሰመር ውሃ ብቻ ስትጨምሩ ከርማችሁ ከሆነ አስለኩት። የሞተር ዘይት ላይ ከደብልዩው በፊት ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ ብርድ ላይ በቀላሉ ይፈስሳል፤ መጽሐፏ የሚለውን ተከተሉ።

የኔ ምርጫ በአጭሩ፦ መኪናችሁ ከአሥር ዓመት በላይ ከሆነችና ዝገት ከጀመራት፣ በየዓመቱ የሚረጭ ዘይት። ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ወይም የምታቆሙበት ቦታ መንጠባጠብ ካልተፈቀደ፣ የበግ ስቡ። ብረቷ ገና ንጹሕ ከሆነና ጥሩ ባለሙያ ካለ፣ ሰም። ሁለት ዓመት ነድታችሁ ልትሸጧት ከሆነ፣ ማጠብና የበር ቀዳዳዎችን መክፈት ይበቃል።

ኦክቶበር ካመለጣችሁ ደግሞ «ለከርሞ» አትበሉ። በዲሴምበር ወይም በጃንዋሪ መንገዱ ደርቆ፣ ሙቀቱ 40 ፋራናይት የሚነካበት ሁለት ሦስት ቀን አይጠፋም። በመጀመሪያው ቀን ከሥር አሳጥቧት፣ በሁለተኛው ቀን ትድረቅ፣ በሦስተኛው ቀን ርጩ። እኔ ካምሪዋን የመጀመሪያውን ዓመት የረጨኋት ገና አካባቢ ነበር፣ ጃኬት ለብሼ።